ያለ ወቅቱ የተቆረጠው አጥር

ሰውየውን በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ ስለማያውቅ ባልደረቦቹ ፍሬቻ አሉት፤ በዚያው ቀረ። በእግሩ ሲሄድ እንኳ ወደ ዳቦ ቤቱ ከመታጠፉ በፊት ቀኝ እጁን ከፍ ያደርጋል እያሉ ያሙታል። ሚስቱ ግን፣ "ሐሜት አይደለም፣ በዓይኔ አይቻለሁ" ትላለች።

ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታ። መጀመሪያ የቤቱን በሮች በሙሉ ዘይት ቀባ። ቀጥሎ ደህና የነበረውን ቧንቧ ፈቶ ማንጠባጠብ አስጀመረው። ሚስቱ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ያልታመመውን አታክም!" ብላ ብትጮህበት፣ ለሁለት ቀን አርፎ በሦስተኛው ቀን ጣራ ላይ ተገኘ። ክፋት የለበትም። ሰው ሳይጠይቀው ሊረዳ ይቸኩላል፤ ጥፋቱ ይኼው ነው።

ጎረቤታቸው ቲቸር ይባላሉ። አርባ ዓመት ሂሳብ ያስተማሩ፣ ሳያገቡ የኖሩ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ሴት ናቸው። የሁለቱን ግቢ አጥር ግንብ ወይም ሽቦ እንዳይመስላችሁ። ቲቸር ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ከአባታቸው ጓሮ ባመጡት አንድ ቡቃያ አባዝተው የተከሉት፣ ከሰው ቁመት ያለፈ እሾኻም ቁጥቋጦ ነው። ችግኝ ሻጮች ኩዊንስ ይሉታል። ኳስ ሊያወጣ የገባ ሁሉ ተቧጭሮ ስለሚወጣ ግን በሰፈሩ ዘንድ ስሙ "ቧጫሪው" ነው። አብዛኛውን ዓመት ዓይን የሚስብ ነገር የለውም፤ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ከእንቅልፉ እንደተነሳ ሰው ፀጉር ተንጨባሮ ይቆማል። ብርዱ ሊለቅ ሲል ግን፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ በባዶው እንጨት ላይ ከላይ እስከ ታች ደማቅ ቀይ አበባ ይለብሳል። ያኔ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ዘግየት ብሎ ድንጋይ የመሰለ ቢጫ ፍሬ ያፈራል። ጥሬውን የነከሰ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ቲቸር ግን ማርማላታ ሠርተው ለጎረቤት በብልቃጥ ያድሉታል።

ታዲያ ብርዱ በበረታበት ሰሞን ቲቸር መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ስድስት ሳምንት ተኙ። ቁልፋቸውን ለፍሬቻ ሚስት ሲሰጧት፣ "ውስጥ ያሉትን አበቦች በሳምንት አንዴ ውኃ አጠጪልኝ። ሌላ ምንም አያስፈልግም" አሏት።

ፍሬቻም ይህን ሰምቷል። "ሌላ ምንም አያስፈልግም" የሚለውን ግን የይሉኝታ ንግግር አድርጎ ወሰደው። ሰው ታሞ ተኝቶ ይሄን ሥሩልኝ፣ ያንን አድርጉልኝ ይላል እንዴ?

ሚስቱ የወለደች ልጃቸውን ልትጠይቅ በሄደችበት ሳምንት ከልካይ ያጣው ፍሬቻ አጥሩን ዞሮ ዞሮ አየው። ግራጫ፣ ደረቅ፣ ቅጠል የሌለው። "ዘንድሮስ ይሄ ወይ ሞቷል፣ ወይ ሊሞት ነው" አለ ለራሱ። "እሳቸው በዱላ እየተራመዱ ሲመጡ ይሄን ጭራሮ ማየት የለባቸውም።" ትልቁን መቀስና መጋዙን አወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። ክርኑ ድረስ ተቧጨረ፣ ሁለት ሸሚዝ ቀደደ፣ አንድ እሾኽ አውራ ጣቱ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። ሲጨርስ አጥሩ ከዳር እስከ ዳር እስከ ጉልበት ድረስ ወርዶ፣ በክር የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ነበር። ቅርንጫፉን ሁሉ አስሮ ለቆሻሻ መኪና አስረከበ። ሚስቱ ስትመለስ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ፣ "ጠይቀሃቸዋል?" አለችው።

"ሲመጡ ይደሰታሉ" አላት።

ቲቸር ከሆስፒታል በመጡ ቀን ከታክሲ ያወረዷቸው ባልና ሚስቱ ናቸው። በዱላው አንድ፣ በሚስትየዋ ክንድ ሁለት ብለው እስከ በሩ ደረሱ። እንደ ልማዳቸው ወደ አጥሩ እጃቸውን ሲዘረጉ አየር ጨበጡ። እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። አሁንም አየር ነው። ዝቅ፣ ዝቅ ብለው መጨረሻ ላይ መዳፋቸው ጉቶ ነካ። አንዱን ነኩ፣ ቀጥሎ ያለውን ነኩ፣ ሦስተኛውንም።

"ማነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ ቲቸር" አለ ፍሬቻ፣ ምስጋናውን ሊቀበል ተዘጋጅቶ። "ተንጨባሮ ነበር፤ ትንሽ አስተካከልኩት።"

"ይሄ ተክል የሚያብበው በአሮጌው እንጨት ላይ ነው" አሉ ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው። "እምቡጡን ያዘጋጀው ባለፈው ዓመት ነው። የሚቆረጠው አበባው ከረገፈ በኋላ ነው። አንተ የዘንድሮውን አበባ በሙሉ ቆርጠህ ጥለህልኛል።"

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። ዞር ብለው ገቡ፣ በሩም ተዘጋ።

ቤት ሲገቡ ፍሬቻ፣ "አበባ አይደል እንዴ? ከርሞ ያብባል" ብሎ ሊጽናና ሞከረ። ሚስቱ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"እንዳልናገር ለምነውኝ ነበር፤ አሁን ግን ልነግርህ ነው። የዓይን ግፊት አለባቸው። ከግራም ከቀኝም እየጠበበባቸው፣ አሁን የሚያዩት በጠርሙስ አፍ እንደሚያይ ሰው ነው። ሐኪሙ ለከርሞ ዋስትና አልሰጥም ብሏቸዋል። ሆስፒታል ሳለን ምን አሉኝ መሰለህ? 'ሌላው ቀለም ሁሉ ደብዝዞብኛል፤ ቀዩ ብቻ ነው እንዳለ የቀረው። የዘንድሮውን አበባ ጠግቤ ካየሁ ይበቃኛል' አሉኝ።"

ፍሬቻ አንገቱን ደፋ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ገጭቶ አያውቅም። የገጨ ሰው ምን እንደሚሰማው ያወቀው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄደ። ችግኝ ሻጩ ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"እስከ ጉልበት? ከሥሩ ላይ አንድ ሁለት አበባ ቢወጣ ነው እንግዲህ። የተቆረጠውን መልሶ የሚቀጥል ሙጫ የለም፣ ጋሼ።"

"አንድ ነገር ግን ይኖራል" አለ ፍሬቻ፤ ልመና ነበር።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። "ከሌላ ትልቅ ቧጫሪ ላይ እምቡጥ የያዘ ቅርንጫፍ ካገኘህ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በመዶሻ ፈረካክሰህ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ታቆመዋለህ። ቤት ውስጥ ሙቀት ሲያገኝ በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ይከፈታል። ጨለማ ውስጥ እንዳታስቀምጠው፣ ቀለሙ ይገረጣል። እኔ ጋ ያሉት ግን ገና ጣት የሚያካክሉ ናቸው።"

ትልቅ ቧጫሪ የት ይገኛል? ፍሬቻ ቦታውን ያውቀዋል። ድሮ ቲቸር እሁድ እሁድ በሱ አውቶቡስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዱ ነበር። ከፌርማታው ፊት ለፊት አረንጓዴ በር አለ፤ ከጀርባው ጣራውን ያለፈ ቁጥቋጦ ይታያል። ከሾፌሩ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ሲያብብና ሲረግፍ አይቶታል! የአባታቸው ቤት ነው፤ ታናሽ እህታቸው ትኖርበታለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን ቲቸር መሄዱን ድንገት አቆሙ። ፍሬቻም አልጠየቀም።

ያንኑ ቀን በቀድሞ መስመሩ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ሄደ። አዲሱ ሾፌር አራት ጊዜ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈ፤ እሱም አራት ጊዜ ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ።

አረንጓዴውን በር የከፈተችው ስልሳ ዓመት የሚሆናት፣ የስፌት ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ በከንፈሯ ሁለት ስፒል የያዘች ሴት ናት።

"ዩኒፎርም ከሆነ ሰኞ ነው ያልኩት" አለች፣ ስፒሎቹን ሳታወጣ።

"ዩኒፎርም አይደለም። የእህትዎ ጎረቤት ነኝ።"

ስፒሎቹን አወጣች። "ሞተች?"

"ኧረ በሕይወት አሉ!"

"ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብላ ዛሬ ምን ፈልጋ ነው ሰው የላከችብኝ?"

"አልላኩኝም። መምጣቴንም አያውቁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለና አንድም ሳያስቀር ነገራት። መቀሱን፣ መጋዙን፣ በክር የተለካውን አጥር።

"እስከ ጉልበት?"

"እስከ ጉልበት።"

"እና በሕይወት ለቀቀችዎት?" ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ፊቷን መልሳ አኮሳተረች። "ምን ችግር አለው ታዲያ። ዘንድሮ ባታየው ከርሞ ታየዋለች።"

ፍሬቻ የዓይናቸውን ነገር ነገራት። ልብስ ሰፊዋ ያለችበት ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። የስፌት ሜትሩን በጣቷ ጠቅልላ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

"እናታችን በጠናባት ቀን እሷ ክፍል እያስተማረች ነበር" አለች በመጨረሻ። "ከሥራ አላስወጣትም፣ ማታ ትመጣለች ብዬ ሳልደውል ዋልኩ። ጊዜ ያለ መስሎኝ ነው። ስትደርስ እናታችን አልፋ ነበር። 'ሆን ብለሽ ከለከልሽኝ' አለችኝ፣ ሰው ሁሉ ፊት። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ሳስታምም የት ነበርሽ አልኳት። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን።"

ፍሬቻ ደረጃው ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነስታ ጓሮ ወሰደችው። ቧጫሪው ከታች በወጡ ቡቃያዎች ተከቦ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ የውኃ ታንከሩን ሊውጥ ደርሷል። አባቷ ከሞቱ ወዲህ መቀስ ነክቶት አያውቅም። የጨርቅ መቀሷን አስቀምጣ የአባቷን አሮጌ መቁረጫ አመጣች።

"ክቡን እምቡጥ ነው የምንፈልገው፤ ሹል ሹሉ ቅጠል ነው" እያለች መርጣ ቆረጠች። ሃያ ስድስት ረጃጅም ቅርንጫፎች በእርጥብ አንሶላ ጠቀለለችለት። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ "ከኔ ነው እንዳይሏት" አለችው።

"ከጠየቁኝ አልዋሽም።"

"ካልጠየቀችዎትስ?"

"አፌን እዘጋለሁ።"

የፍሬቻ ማዕድ ቤት ለሁለት ሳምንት የሰው ቤት መሆኑ ቀረ። ሦስት ባልዲ ሙሉ እሾኽ ከምድጃው ትይዩ፣ በመስኮቱ ሥር ቆመ። ሚስቱ ሻይ ልታፈላ ስትሄድ ቀሚሷ ይያዛል፤ ፎጣ ልታነሳ ስትል ትወጋለች። "ባል አገባሁ ብዬ ቁጥቋጦ አገባሁ" ትላለች። ግን ሁለት ቀን እያሳለፈች ውኃውን የምትቀይረው እሷው ነበረች።

በእነዚህ ቀናት ፍሬቻ ጠዋት ጠዋት ለቲቸር ዳቦ ያደርስ ነበር። ገና ሲያንኳኳ፣ "እዚያው አስቀምጠው" ይባላል፤ ያስቀምጣል፤ ይመለሳል። ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። በዘጠነኛው ቀን ቲቸር በሩን ከፍተው ፖስታ ዘረጉለት። ከሆስፒታል የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ፊደሉ ደቀቀባቸው። ፍሬቻ እየተደነቃቀፈ አነበበላቸው።

"አራት ነጥቡ ጋ ቆም በል እንጂ!" አሉት።

"እሺ ቲቸር።"

"እንደገና፣ ከላይ ጀምር።"

እንደገና ጀመረ። ይህን መቆጣታቸውን እንደ ይቅርታ መጀመሪያ ቆጥሮት ወደ ቤቱ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

እምቡጦቹ መጀመሪያ አበጡ፣ ከዚያ ጫፋቸው ቀላ። ሲከፈቱ ግን ገርጣ አሉ። ባልዲዎቹን ፀሐይ ወደሚያገኘው ክፍል አዛወራቸው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቀለማቸው ጎላ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ እሱ ሁለት ባልዲ፣ ሚስቱ አንድ ባልዲ ተሸክመው ቲቸር ቤት ገቡ። በመስኮቱ አጠገብ ደረደሯቸውና ወንበሩን አስጠግተው ቲቸርን አስቀመጧቸው።

ቲቸር አንዱን ቅርንጫፍ ሳቡና ከፊታቸው አንድ ስንዝር አርቀው ያዙት። ባለቻቸው ጠባብ ብርሃን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያደረጉ አሳለፉት። አንዱን አበባ አዩ፣ ቀጥሎ ያለውን አዩ። ጊዜ ወሰዱ።

"ቀይ ነው" አሉ። "በደንብ ቀይ ነው።"

የፍሬቻ ሚስት ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ጠረገች። ቲቸር ሌላ ቅርንጫፍ አነሱ፣ ሌላም። በአምስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ከአበቦቹ ግማሾቹ ነጭ ነበሩ። አንዱ እንዲያውም እኩሌታው ቀይ፣ እኩሌታው ነጭ ነው።

"ይሄ በኔ አጥር ላይ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። "ይሄ የሚወጣው በአባቴ ጓሮ ነው፣ በታንከሩ በኩል ባለው ቅርንጫፍ ላይ።" ፊታቸውን ወደ ፍሬቻ አዞሩ። "ማን ቆረጠልህ?"

"እንዳልናገር ተነግሮኛል።"

"ይኸው ተናገርክ።"

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ተዉኝ አሏቸው። ለሦስት ቀን የእህታቸውን ነገር አላነሱም፤ ፍሬቻም አላነሳባቸውም። በአራተኛው ቀን ዳቦውን ተቀብለው፣ "የሷ ቁጥቋጦ እንዴት ነው?" አሉት።

"ታንከሩን ሊውጥ ነው።"

"እሷ ከጨርቅ በቀር ምን መቁረጥ ታውቃለች! አበባው ይርገፍ፣ ከዚያ ሄደህ ታስተካክልላታለህ። ና፣ ላሳይህ።"

ወደ ተጨፈጨፈው አጥር ወጡ። ቲቸር እጁን ይዘው ከጉቶ ጉቶ አስዳሰሱት። አሮጌው ቅርፊቱ ሻካራ ነው፤ ወጣቱ ይለሰልሳል። ወደ ውስጥ የዞረው፣ እርስ በርሱ የሚፋጨው፣ ከሥር ያለ ቦታው የበቀለው ተቆርጦ ይወጣል።

"ከአሮጌዎቹ ስንቱን ነው የምትቆርጠው?"

"ከሦስት አንዱን።"

"ከየት?"

"ከመሬቱ ጀምሮ።"

"መቼ?"

"አበባው ከረገፈ በኋላ።"

"ጎበዝ። ይሄ እውቀት ከሁለት ወር በፊት የት ነበር?"

ፍሬቻ ሳቀ፤ ቲቸርም ትንሽ ፈገግ አሉ። ይህን አይቶ ደፈረ። "ራስዎ ቢመጡስ? ብሳሳት ማን ያርመኛል?"

"በዱላ ነው የምሄደው።"

"ፌርማታው በሩ ላይ ነው፣ ቲቸር። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።"

መልስ ሳይሰጡት ገቡ። አበባው በረገፈ ሳምንት ግን ካፖርታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች። ሁለቱ እህትማማቾች ተፋጠው ቆሙ፤ አንዷ እያየች፣ አንዷ ለማየት እየታገለች።

"ከስተሻል፣ እቴቴ" አለች ታናሺቱ።

"አንቺም ድምፅሽ ወፍሯል" አሉ ታላቂቱ።

ከዚህ በኋላ የተባለውን ፍሬቻ አልሰማም፤ መቁረጫውን ይዞ ወደ ጓሮ ሸሸ። አንድ አሮጌ ግንድ ከመሬቱ ቆረጠ። ውስጥ ድምፅ ከፍ አለ። ሁለተኛውን ቆረጠ። "ዘጠኝ ዓመት!" የሚል ጩኸት በመስኮቱ ወጣ፤ ከማን እንደሆነ አልለየውም። ቀጥሎ ለቅሶ ሰማ። ሦስተኛው ግንድ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ፤ ጸጥታው ረዘመበትና መጋዙን አቁሞ ጆሮውን ጣለ። "ጊዜ ያለ መስሎኝ ነው፣ እቴቴ" የሚል ሰማ። ቀጥሎም፣ "ገባኝ። ያኔም ገብቶኝ ነበር" የሚል ቀጭን መልስ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የስፌት መኪና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ቲቸር ሲወጡ የቀሚሳቸው ጠርዝ አራት ጣት አጥሮ ነበር።

"ይሄን እየጎተተች ስትሄድ ነው እኮ የምትወድቀው" አለች ልብስ ሰፊዋ ለፍሬቻ፣ እየተቆጣች። "ጎረቤት ሆነው ይሄን አላዩም?"

"አጥሩን ነበር የሚያየው" አሉ ቲቸር።

የቲቸር ዓይን ዓመቱን አልጨረሰም። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ብርሃንና ጨለማ ብቻ መለየት ቀረላቸው። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ እሁድ እሁድ ትመጣ ነበር፤ በኋላ የስፌት መኪናዋን ይዛ መጣች። ይጣላሉ። ማርማላታው ላይ ስኳር በዛ፣ አነሰ ብለው ግማሽ ቀን ይነታረካሉ። የፍሬቻ ሚስት በአጥሩ በኩል እየሰማች፣ "ዛሬ ደህና ናቸው፣ ድምፃቸው ይሰማል" ትላለች።

በቀጣዩ ዓመት አጥሩ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እዚህም እዚያም ቦታ እየዘለለ አበበ። ፍሬቻ በጣም ጠልቆ የቆረጠበት አንዱ ጥግ ጨርሶ አልተነሳም። በዚያ ክፍት ቦታ የሚተከል ልብስ ሰፊዋ አዘጋጅታ ነበር። ነጭ ከሚቀላቀልበት ቅርንጫፍ አንዱን ጎንበስ አድርጋ አፈር አልብሳ፣ ድንጋይ ጭናበት፣ ሥር እስኪያወጣ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ፍሬቻ ከአባታቸው ጓሮ በባልዲ አድርጎ በአውቶቡስ አመጣው።

ጉድጓዱን ሲቆፍር ሁለቱ እህትማማቾች አጠገቡ ቆሙ። ቲቸር ዱላቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድደው ለኩ።

"አልበቃም።"

"በቅቷል እቴቴ፣ እኔ እያየሁት ነው።"

"አንቺ ታይዋለሽ፣ እኔ ለክቼዋለሁ። አልበቃም።"

ፍሬቻ ላቡን ጠረገና አካፋውን እንደገና አነሳ።